አባባና የማናው ቡና

ሀምቡርግ የምሠራበት ድርጅት ከብዙ አገር የሚመጣ ጥሬ ቡና እየተቀበለ ይቆላል፤ ያሽጋል። የጅማ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ይመጣል፤ ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለው "ጅማ 5" ነው። ይርጋ ጨፌ ሲሆን ለብቻው ተቆልቶ፣ ስሙ በትልቁ ተጽፎበት ይወጣል። የእኛው ርካሽ ስለሆነ ከሌላ አገር ቡና ጋር ይደባለቅና ስሙም በዚያው ይቀራል። ባልደረቦቼን አልወቅሳቸውም፤ የሚፈርዱት ጆንያው ውስጥ ባገኙት ነው። ነገር ግን "የጅማ ገበሬ ለቡናው አይጠነቀቅም" ሲባል በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። እኔ ያደግሁት ለቡናው ዕድሜውን በሰጠ ሰው እጅ ነውና።

አያቴ አባባ፣ የእናቴ አባት፣ የመርሐቤቴ ተወላጅ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ "ከፋ ቡና ለቅሞ ገንዘብ ይገኛል" ሲባል ሰምተው ከአገራቸው ልጆች ጋር ተነሡ። ጅማ ያን ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የተወሰነውን በእግር፣ የቀረውን በጭነት መኪና ላይ ሆነው ተጓዙ። ከጓደኞቻቸው አንዱ ጊቤ በረሃ ላይ ወባ ይዞት ጅማን ሳያይ ቀረ። አባባ የዚያን ልጅ ስም በየዓመቱ በተዝካር አስጠርተዋል፤ ለእናቱም መርዶውን ሊነግሩ አገራቸው ድረስ ተመልሰው ሄደዋል።

መጀመሪያ ለቃሚ ሆኑ፤ ቀጥሎ ማና ወረዳ ውስጥ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ የአንድ ባለርስት ጭሰኛ ሆነው የቡና ማሳ ያዙ። ከምርቱ እኩሌታው የባለርስቱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሲለፉበት የኖሩት ማሳ በእጃቸው ቀረ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የቡና ፍሬ በሽታ ገብቶ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን ከየጫካው መርጦ ችግኝ ያባዛ ጀመር። የተመረጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ስለነበር ዛሬም 74110፣ 74112 እየተባሉ ይጠራሉ። አባባ ችግኙን በሸክም አምጥተው በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ተከሉት። አንዳንዱ እስከ ዛሬ ያፈራል።

ትጉህ ሰው ነበሩ ብዬ ባልፈው ምንም አልተናገርሁም፤ ትጋታቸው ምን እንደሚመስል መናገር አለብኝ።

ጥቅምት ሲገባ ለቀማ ይጀመራል። ብዙ ሰው ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ ሸምጥጦ ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ዛፉ ላይ የደረቀውንም በአንድ ቅርጫት ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ለሠራተኛም ብዙ አይከፈልም። አባባ ወደ አንድ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ ተመላልሰው የሚለቅሙት የቀላውን እሸት ብቻ ነበር። ከዚያ ማድረቁ ይመጣል። መሬት ላይ የሰጡት ቡና የአፈር ጠረን ይይዛል፤ እሳቸው ግን ከእንጨትና ከቀርከሃ ራሳቸው በሠሩት አልጋ ላይ በስሱ አስጥተው ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ያገላብጡት ነበር። ማታ ይሸፍኑታል፤ ጠዋት ጤዛው ሲነሣ ይገልጡታል። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ እንዲህ ይቀጥላል። ቅዳሜ ከከተማ ስመጣ ሥራዬ ሰማዩን መጠበቅ ነበር። ከአጋሮ በኩል ከጠቆረ እጮሃለሁ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሸራ ይዞ ይሮጣል።

ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ መድረቁን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። አንድ እፍኝ ያነሡና ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ፍሬው ከገለባው ውስጥ ከተንኳኳ ደርሷል፤ ካልተንኳኳ መልሰው ይበትኑታል። "ስሚ እስቲ" ብለው እኔም ጆሮ ሥር ያንኳኩልኛል። በመጨረሻም ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የተሰበረውን፣ የነቀዘውን፣ የጠቆረውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ጣቶቻቸው ደነዳና ነበሩ፤ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ግን ሳያዩ በዳበሳ ያገኙታል።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ዘንድ ሄደን እናስመዝናለን። ዋጋው በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሰውየው የእኛን ጆንያ ፈትቶ መሬት ላይ ደርቆ ከመጣው፣ ሻጋታ ከነካካው ክምር ላይ ይዘረግፈዋል። የሚከፍለን ለሁሉም የሚከፍለውን ነው። አጎቴ ይህን ባየ ቁጥር ይበግን ነበር። አንድ ቀን "አባዬ፣ ለማን ብለው ነው እንዲህ የሚደክሙት?" አላቸው። አባባ የባዶ ጆንያውን አፍ እያጠፉ "የሚጠጣው ሰው አለ" አሉት። ከዚያ ስለ በሬው ማውራት ቀጠሉ።

ይህን ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ። ለጥሩ ቡናና ለመጥፎ ቡና አንድ ዋጋ እየከፈሉ፣ አደባልቀው ልከው፣ በኋላ "የጅማ ቡና ጥራት የለውም" ማለት ግፍ ነው። ገበሬው እንዴት እንደሚያደርቅ አጥቶት አይደለም። ተጨማሪ ድካሙን የሚከፍለው አጥቶ ነው። ያለ ክፍያም የሚደክሙ እንደ አባባ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አሉም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ገበያ ሲወድቅ በዙሪያችን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ብዙ ነው። አልፈርድበትም፤ ልጅ ማብላት ነበረበት። አባባ አልነቀሉም። በሬ ሸጡ፤ ቆሎና ጎመን የበላንባቸውን ወራት እናስታውሳለን፤ ለልጆቹ ትምህርት ጅማ ከተማ ሂርማታ የተከራዩትን ክፍል ኪራይ ግን አንድም ወር አላስተጓጎሉም። ከዚያች ክፍል ሁለት መምህራንና አንድ ነርስ ወጥተዋል። ነርሷ እናቴ ናት።

ስለ ሥራቸው ብቻ ካወራሁ ግማሹን አስቀረሁ። አያቴ እማማ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ዓመታት አልጋ ላይ ቆይተዋል። በአባባ ዘመን ወንድ ልጅ ምጣድ አይነካም፤ ቡና ማፍላትማ ነውር ነበር። እሳቸው ግን ንጋት ላይ ከማሳ በፊት ከሰሉን አያይዘው ቡናውን ቆልተው ጢሱን ወደ እማማ አፍንጫ በእጃቸው ያደርሱላቸዋል። ፀጉራቸውን ቅቤ ቀብተው ያበጥሩላቸው ነበር። መንደሩ አወራ። ጎረቤታችን ሐጂ አንድ ጠዋት መጥተው አባባ ያፈሉትን ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ተቀምጠው ጠጡ፤ በየጠዋቱም ይመጡ ጀመር። ሐጂ የሚከበሩ ሰው ስለነበሩ ወሬው በዚያው አበቃ። ሁለቱ ቤቶች በፋሲካና በአረፋ አንዱ ለሌላው በግ ይሰጥ ነበር፤ በየሃይማኖቱ አስባርኮ እንዲበላ።

አባባ ያረፉት እኔ የመኖሪያ ፈቃዴን በምጠብቅበት ጊዜ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ከወጣ አይመለስም፤ መሄድ አልቻልሁም። እሑድ ገና ጎሕ ሳይቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። የማኅበራችን እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው ዲያቆኑ ቆመው ሳይ ማንም ምንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ሦስት ቀን አብረውኝ አደሩ፤ ንፍሮ ቀቅለው አስተዛዘኑኝ። ሰው በሰው አገር ለቅሶ ብቻውን እንዳይቀመጥ ለሚደክሙት ለእነዚያ እናቶች እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ጅማ በነበረው ቀብር ሐጂ ከነልጆቻቸው አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መሄዳቸውን አጎቴ በስልክ ነገረኝ።

ማሳው አሁን በአጎቴ እጅ ነው። ለቡና ማድረቂያው አልጋ የሚሆን የሽቦ ወንፊት እኔ እየላክሁ ነው፤ ቀርከሃው በየክረምቱ እየበሰበሰ አስቸገረን። አባባ የተከሏቸው ያረጁ ዛፎች ምርታቸው ስለቀነሰ መጎንደል አለባቸው። አጎቴ በአባቱ እጅ የተተከለ ዛፍ ላይ መጋዝ ማንሣት ከብዶት ሁለት የካቲት አሳልፏል። ባለፈው ሳምንት ረጅም ሰዓት ተነጋገርንበት። አባባ ራሳቸው ያረጀውን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ትተው ውኃ እንዳያቁር በሰያፍ እየቆረጡ፣ ከሚያቆጠቁጠው ሁለትና ሦስቱን ብቻ ያስቀሩ እንደነበር አስታወስሁት። የዘንድሮው ለቀማ እንዳለቀ ከታችኛው ረድፍ ሊጀምር ተስማምተናል፤ የሐጂ የልጅ ልጅም መጋዙን ይዞ ሊያግዘው ቃል ገብቷል።