መርፌ መሰል ክሪስታሎች፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የማዕድን ወዳጆች! ከጅማ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን የያዝኩት ልምምድ ለድንጋዩ ስም ከማውጣት በፊት ቅርጹን በደንብ መግለጽ ነው። ናትሮላይት፣ አራጎናይትና ሩታይል የተባሉት ማዕድናት ሦስቱም መርፌ መስለው ያድጋሉ፤ በኬሚካል ይዘታቸው ግን አይዛመዱም። መርፌነቱ ብቻውን ማንነታቸውን አይነግረንም ማለት ነው።

ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ እለያቸዋለሁ። ቀጥ ያለና ቀጭን ከሆነ መርፌ መሰል፣ ከዚያም ቀጥኖ መጉበጥ ከጀመረ ፀጉር መሰል፣ ወፈር ብሎ ጎኖቹ የሚቆጠሩ ከሆነ ምሰሶ መሰል፣ ተጣብቆ አድጎ የሚተረተር ከሆነ ቃጫማ። ከአንድ ነጥብ ተነስተው ዙሪያውን የተዘረጉትን "ጨረራማ" እላለሁ፤ ይሄኛው ግን አደራደራቸውን እንጂ የእያንዳንዱን ቅርጽ አይገልጽም።

ዓይኔን በጣም ያሠለጠነልኝ ካፌይን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ይኸው ነገር ሲሞቅ ሳይቀልጥ ይተንና ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ተመልሶ ይጠጥራል። የአረቢካ ቡና ካፌይን ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ነው፤ ደረቅ የሻይ ቅጠል ብዙ ጊዜ ከዚያ ስለሚበልጥ እኔ የተጠቀምኩት ሻይ ነው። ቅጠሉን አድቅቄ በትንሽ ብረት ድስት፣ በጣም ዝግ ባለ እሳት፣ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ደፍኜበት አሞቅኩት። መጀመሪያ ቡናማ ጠብታዎች መጡ፤ ቀጥሎ በመሃላቸው ነጫጭ መርፌዎች በቀሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ እንጂ ከአንድ ነጥብ አይነሱም፤ ስለዚህ መርፌ መሰል ናቸው፣ ጨረራማ አይደሉም። እንዴት እንደሚያምሩ! የምትሞክሩ መስኮት ክፈቱ፣ የወጣውንም አትቅመሱ።

ከድንጋይ ካባ ያገኘሁት ባዝልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጉድጓዶቹ ውስጥ ነጭና ጨረራማ መርፌዎች ይዟል። አቼቶ ጠብ ሳደርግበት አልፈላም፤ አራጎናይት ቢሆን ይፈላ ነበር። ቢላዋም የሚጭረው በጭንቅ ነው። ዚዮላይት ይመስለኛል፤ ናትሮላይት የሚገኝበት የማዕድን ቤተሰብ ማለት ነው። ናትሮላይትን ሜሶላይትና ስኮለሳይት ከሚባሉት የቅርብ ዘመዶቹ በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ የኤክስሬይ ምርመራ እስካላገኘሁ ድረስ "ነጭ፣ መርፌ መሰል፣ ጨረራማ ዚዮላይት" ብዬ ትቼዋለሁ።

አደራ፣ ቃጫማ ናሙና በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አትፍጩም። ኤሪዮናይት የተባለው ቃጫማ ዚዮላይት በቱርክ ቀጰዶቅያ መንደሮች የሳንባ ሽፋን ካንሰር አስከትሏል። እኔ ናሙናዬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የማጸዳው።