አንኮበርን ለማየት የት ይታደር?

ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ሳይወድ በግዱ የአልጋ ደላላ ይሆናል። ምርቃት ሲደርስ፣ ትልቅ ስብሰባ ሲኖር፣ ለጥምቀት ሰሞን ስልኬ ሲጮኽ ገና ሳላነሳው ጥያቄውን አውቀዋለሁ፤ «አንቺ እዚያው አይደለሽ፣ እስቲ አልጋ ያዥልን።» ፎቶ ኮፒ ቤቴ ከዩኒቨርሲቲው ስለማይርቅ የተማሪ ወላጆችም ወረቀት እያስባዙ ይጠይቁኛል። ለእነሱ መልሱ ቀላል ነው፤ የመጡት ለልጃቸው ነውና ለልጃቸው የሚቀርበውን ይያዙ፣ የምርቃት ሳምንት ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ይያዙ። ብዙ የሚያነጋግረኝ አንኮበርን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ነው።

የአብዛኛው ሰው ዕቅድ አንድ ዓይነት ነው። ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነስቶ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በልቶ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አንኮበርን አይቶ፣ ማታ ተመልሶ ደብረ ብርሃን ማደር። ሲያወሩት ያምራል። አንኮበር ግን የንጋትና የአመሻሽ አገር ናት። ቀትር ላይ የደረሰ ሰው ወይ ቆላው በአቧራና በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል፣ ወይ ጉም ወጥቶ ከፊቱ ያለውን ዛፍ እንኳ አያይም፤ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይኸው ነው፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ፣ ሁለተኛዋን አንኮበር። አንድ ሌሊት ብቻ ያለው ሰው ደብረ ብርሃንን ምሳ በልቶባት ይለፍና አንኮበር ይደር።

የት እንደር የሚለው ጥያቄ ደግሞ እኛ የፈጠርነው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንድ ቦታ ተቀምጠው አልገዙም፤ አንኮበር፣ አንጎለላና ደብረ ብርሃን እየተመላለሱ ይከርሙ ነበር። አንጎለላ በጫጫ በኩል ነው፤ የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያ አካባቢ ነው። ከባሕር በኩል የሚመጣው ነጋዴ በበኩሉ የሚያርፈው ከአንኮበር ሥር፣ ቆላው ላይ፣ አልዩ አምባ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሡ ጋር ውል የተፈራረመው የእንግሊዙ የሃሪስ ልዑክም የወጣው በዚያው በአልዩ አምባ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጣሊያኖች፣ በኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመሩት፣ ከአንኮበር ብዙ ሳይርቁ ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፈሩ፤ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አርፎ እዚያው ተቀብሯል። ንጉሥ ከላይ፣ ነጋዴ ከታች፣ ፈረንጅ ከመሃል። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም የሚታደርበት ቦታ በዚያው በሦስቱ ደረጃ የተከፈለ ይመስለኛል። ወደዚያ እመጣለሁ።

በመጀመሪያ ደብረ ብርሃን። እዚህ ስለ ዋይፋይ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥፎት ያድራል። በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀ ከተማ ውስጥ ሳሳ ያለ ብርድ ልብስ የሚያነጥፍ ሆቴል መኖሩ ሁሌም ይገርመኛል። እኔ ክፍል ሳይ የአልጋ ልብሱን ገልጬ ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ነው የምመዝነው። ስስ ከሆነ «ሌላ ይጨመር» እላለሁ። ልጅቷ «ማታ እንሰጣለን» ካለች፣ «የኔ እህት፣ አሁን አምጪው» ነው መልሴ፤ ማታ ቤቱ ሲሞላ ብርድ ልብሱ ቀድሞ ለመጣው ያልቃል። ቀጥዬ ሻወር ቤት ገብቼ የሙቁን ቧንቧ እከፍትና እጄን ከሥሩ አድርጌ እቆማለሁ። «ቦይለር አለው» ማለት ሙቅ ውሃ አለ ማለት አይደለም፤ መብራት ከሄደ ቦይለር ጌጥ ነው። ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ለማወቅ ደግሞ ግቢው ውስጥ ቆማችሁ ቀና በሉ፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ ካለ አለ፣ ከሌለ በባልዲ ነው።

መስኮትም ተመልከቱ። ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ከተማውን ሰንጥቆ ስለሚሄድ የጭነት መኪና ሌሊቱን ሙሉ ማርሽ ሲቀይር ይሰማችኋል። ከአስፋልቱ በጀርባ ያለውን ክፍል ጠይቁ። መስኮቱ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ከሆነ እሰየው ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ያች ፀሐይ ከቁርስ ትበልጣለች።

አምና የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከአማቷ ጋር ከሜሪላንድ መጣች። እኔን ሳትጠይቅ ፎቶውን በስልኳ አይታ አንድ ሆቴል ይዛለች፤ ስሙ ይቅር። ክፍሉ እውነትም ያምራል፣ መጋረጃው ከወለል እስከ ጣሪያ ነው። ያላየችው ከሥሩ ያለውን አዳራሽ ነው። ወሩ ጥር ነበር፣ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ። አማቷን እማማ ነው የምንላቸው፤ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ነጠላቸውን ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከታች እስክስታው ወለሉን ሲያናውጠው፣ «ካልተኛን አይቀር ሙሽራዋን እንኳ ባየናት» ብለው አሳቁን። ጠዋት ልጃቸው እንግዳ ተቀባዩን ቢጠይቅ «ፕሮግራም እንዳለ አልነገሯችሁም?» ነው የተባለው። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፤ ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወራት ናቸው፣ አዳራሽ ያለው ሆቴል ስትይዙ «ዛሬ ማታ ፕሮግራም አለ ወይ?» ማለትን አትርሱ። በሁዳዴ ከመጣችሁ ግን ያው ሆቴል ገዳም ነው የሚሆነው፣ በዚያ ላይ የጾም በያይነቱ የምር ይሠራላችኋል።

ወደ አንኮበር። ላይኛው ማደሪያ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ያለው አንኮበር ፓላስ ሎጅ ነው። ከጥንቱ ግቢ የቀረው የግንብ ቅሪት ነው፤ ሎጁ የተሠራው የድሮውን የምኒልክን አዳራሽ አምሳል ይዞ ነው። የቦታውን ክብር ሳያዋርድ መሠራቱን እወድለታለሁ፣ ምንም እንኳ ለድንጋይና ለእንጨት ቤት ብርዱ ቀላል ባይሆንም። ዋናው ነገር አቀበቱ ነው። መኪና ከታች ይቀራል፣ ከዚያ በእግር ነው፣ ዳገቱም ቀጥ ያለ ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ እዚህ ምንም አይፈይድም፤ ለአንድ ሌሊት የሚበቃውን በጀርባ ቦርሳ ያዙና ሌላውን መኪና ውስጥ ተዉት።

እማማ ከታች ሆነው ኮረብታውን አንጋጠው አዩና፣ «እምዬ ምኒልክ በበቅሎ ነው የወጡት፤ እኔ በምን ዕዳዬ በእግሬ?» አሉ። ልጃቸው «ቀስ እያልን እንወጣለን እማዬ» ቢላቸው «አንተ ውጣ፣ እኔን ጎረቤላ አሳድሩኝ» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። እንደሳቸው ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ትክክለኛው ምርጫም እሱ ነው። ጎረቤላ የወረዳው ከተማ ናት፤ ያለው ተራ አልጋ ቤት ነው፣ ሻወሩ የጋራ ይሆናል፣ ፊት መታጠቢያ ውሃ በጆግ ይመጣላችኋል። አንሶላው ንጹሕ ከሆነና በሩ ከውስጥ ከተቆለፈ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? እራት በጊዜ እዘዙ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ማድ ቤቱ እሳቱን አጥፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እኔና የአክስቴ ልጅ ከእማማ ጋር ቀረን፣ ባልየው ብቻውን ወጣ። የቤቱ ባለቤት እማማን እንዳየች ሳትጠየቅ ከጓዳ የመንዝ ባና አውጥታ ደረበችላቸው። በበግ ጠጉር የተሠራ፣ ከበድ ያለ፣ ትንሽ የሚኮሰኩስ ነው፤ እማማ እጃቸውን አዳብሰውበት «ይኼን አሜሪካ ይዤው ብሄድ ሻንጣው ይመዝን ይሆን?» ብለው ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ሴትየዋ «የእናቴ ነው፣ አይሸጥም» አለች እንጂ ነገሩ ገበያ ሊሆን ነበር።

በማግሥቱ እኔ ከመንጋቱ በፊት ተነስቼ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ፀሐይ የምትወጣው ከአፋር በኩል ነው። ከእግራችሁ ሥር አገሩ እየተናደ እየተናደ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል፤ ጉሙ ገና ከታች ነው፣ የተራራው ጫፍ ብቻ ከላዩ ብቅ ብቅ ይላል። ከቤተ ክርስቲያኖቹ የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ እየወጡ ሣር መንጨት ይጀምራሉ። የአክስቴ ልጅ ባል ወፍ ወዳጅ ነውና ሌንሱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የአንኮበር ሰሪን የምትባለውን ወፍ ሲፈልግ አገኘሁት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በሳይንስ የተመዘገበች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለች ናት። «ያቻት!» አለኝ። እኔ ያየሁት ቡናማ ድንቢጥ የመሰለች ነገር ነው፣ ግን ደስታውን አላበላሸሁበትም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጉሙ ወጣ። ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው የደረሰው ያኔ ነው፤ ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት የቆሙ ይመስል ለፎቶ ተደረደሩ።

ብርድ ጨርሶ የማይወድ ሰው ካለ ሦስተኛው ደረጃ አለለት። አልዩ አምባ ወርዳችሁ ቀኑን መዋል ትችላላችሁ፤ አየሩ ሞቃት ነው፣ ታሪኩም ከላይኛው አያንስም። ለማደር ግን የሚያውቃችሁ ሰው ቢኖር ይሻላል። ደብረ ሲናን የሚመርጡም አሉ፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ወዲያው ይለቃል፣ ቆሎውም ጥሩ ነው፤ ለወፍ ዋሻ ደን ካልሆነ በቀር ግን ለአንኮበር ብዬ እዚያ አላድርም። የመንዝ ጓሳም «እግረ መንገዳችንን» የሚባል አይደለም፤ የራሱ ሌሊት ይፈልጋል፣ ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። በዚህ ዘመን ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ላይሆን ይችላል፤ የሚያውቁት በመስመሩ ላይ የሚሠሩት ሾፌሮች ናቸው፣ መናኸሪያ ሄዶ እነሱን ማነጋገር ከማንም ወሬ ይሻላል። ሎጁም እንግዳ እየተቀበለ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፤ ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም፣ አቀበቱም ያንሸራትታል። ከመስቀል በኋላ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ ውርጩም ሳይጀምር ያለችው ጊዜ ነው የምትመረጠው። እኔን ለመጠየቅ ያሰባችሁ ደግሞ እባካችሁ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ሸኖ ስትደርሱ አትደውሉ፤ ቢያንስ በዋዜማው።