«የመስቀል ወፍ መጣች» ብዬ የጻፍኩበት ደብተር

ደብተሩን የጀመርኩት መስከረም 2011 ላይ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ይሄ ብቻ ነው፦ «አደይ ፈክቷል። የመስቀል ወፍ መጣች።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስህተት መሆኑን ሳውቅ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ያየሁትን ሁሉ እጽፍ ነበር። ደመናውን፣ ጉንዳኑን፣ የሣሩን ዓይነት። ጥቅምት ሳይገባ ሰለቸኝ። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ መረጥኩ፦ አንዲት ብሳና፣ አንድ ማሳ፣ ማሳው ዳር ያለ ቁጥቋጦ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አሥር ደቂቃ። ቀኑን፣ አየሩን፣ ከዚያ ያየሁትን እጽፋለሁ። የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ ዝናብ ቢነካው አይሟሟም።

ብሳናዋን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ይመስለኝ ነበር። ቅጠሏ የልብ ቅርጽ አለው። ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ወደ አመድማ ይሄዳል። ከመርገፉ በፊት ደግሞ ብርቱካናማ ይሆናል። ግን ዛፉ በአንዴ አይደለም የሚለወጠው፤ አንድ ቅጠል እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ በአረንጓዴው መሃል እንደ መብራት ቦግ ይላል። ስንት ዓመት ጥላዋ ሥር ስቀመጥ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

ጥቅምት ላይ ማሳው ቢጫ ሆነ። እኔም «አደይ አሁንም አለ» ብዬ ጻፍኩ። የማሳው ባለቤት አዩኝና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ኑግ ነው» አሉኝ። ሁለቱም ከሱፍ ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ ከሩቅ ቢያሳስቱ አይገርምም። ቀረብ ስል ግን ማሳው በንብ ይጮሃል። ኑግ በደንብ ፍሬ እንዲይዝ ንብ ያስፈልገዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልጠጋ ስም አልጽፍም።

ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ሆነና አንድ ወር ሙሉ ምንም አልጻፍኩም። በኋላ ከትውስታ ልሞላው ሞከርኩ። አነበብኩትና ቀደድኩት፤ ያላየሁትን ነበር የጻፍኩት። ባዶ ቀን ባዶ ቢሆን ይሻላል። መጋቢት ላይ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ ነበር። እርሳሴን ስንጥቁ ውስጥ ሰደድኩት፤ ሙሉውን ዋጠው። «አንድ እርሳስ ጥልቀት» ብዬ መዘገብኩ።

ወደ ወፏ ልመለስ። በጋውን ሙሉ ቁጥቋጦው ላይ ቡናማ ወፎች ነበሩ። «ድንቢጥ» እያልኩ እጽፋቸው ነበር። ሐምሌ ላይ ከመሃላቸው አንዱ አንገቱ ላይ ቀይ አወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሆዱ በጥቁር ተዥጎረጎረ፤ ጀርባው ግን ገና ቡናማ ነው፣ ግማሽ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ነሐሴ ላይ ቀይና ጥቁር ሆኖ ሣሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የምንለው እሱን ነው!

ከየትም አልመጣም። ወንዱ ለመራቢያ ወቅት ላባውን ይቀይራል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ተመልሶ ቡናማ ይሆናል፣ ሴቷን ይመስላል። ቆሜ አየሁት፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የመጀመሪያውን ገጽ አልሰረዝኩትም። ከጎኑ «መስከረም 2012፦ እዚሁ ነበር» ብዬ ጨመርኩበት። አሁን በየበጋው ቁጥቋጦው ሥር እቆማለሁ፤ ከቡናማዎቹ የትኛው ወንድ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች ለመለየት እየሞከርኩ ነው። እስካሁን አልቻልኩም።