ቦጎታ፦ ብስክሌትና አውቶቡስ የሚገናኙባት ከተማ

ስለ ከተማ ትራንስፖርት በተነጋገርን ቁጥር የቦጎታ ስም ይነሳል። ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ይህች የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ለረጅም ዘመን ሜትሮ (የከተማ ውስጥ ባቡር) ሳይኖራት ቆይታ፣ ነዋሪዎቿን በአውቶቡስና በብስክሌት ለማጓጓዝ ከብዙዎች ቀድማ ቆርጣ በመነሳቷ፣ ያ ውሳኔ ዛሬ መንገድ ላይ ምን እንደሚመስል በዓይኔ ለማየት ተጓዝሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከቆላ የመጣ ሰው ፔዳል ሲመታ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ነገር ግን ሰፊው ክፍሏ የተዘረጋው ሜዳ ላይ ነው፣ አየሯም ቀዝቃዛ በመሆኑ ብስክሌተኛው ላብ በላብ ሳይሆን ሥራው ይደርሳል። የሞንሴራቴ ተራራ በምሥራቅ በኩል ከብዙ ቦታ ስለሚታይ፣ «ካሬራ» የሚባሉት መንገዶች ከተራራው ጎን ለጎን፣ «ካዬ» የሚባሉት ደግሞ ወደ ተራራው አቅጣጫ ስለሚሄዱ፣ እንግዳ ሰው እንኳ አቅጣጫውን በቀላሉ ይለያል።

የደረስሁት በእሑድ ዋዜማ ስለነበር ከተማዋን በመጀመሪያ ያየኋት በሲክሎቪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በተጀመረው በዚህ ዝግጅት፣ ዘወትር እሑድና በበዓላት ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ዋና ዋና መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለብስክሌተኛ፣ ለእግረኛና ለሯጭ ይለቀቃል። በካሬራ ሴፕቲማ ላይ፣ በሌላው ቀን አውቶቡስና ታክሲ በሚጋፉበት መስመር መካከል፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ረዳት ጎማ የተገጠመለት ብስክሌቷን ስትነዳ፣ አባቷ እጁን ከኮርቻው ሳያነሳ ከኋላ ከኋላዋ ይሮጥ ነበር። በየመስቀለኛው መንገድ ዩኒፎርም የለበሱ ወጣቶች ቆመው፣ ተሻጋሪ መኪኖች የሚያልፉበት ተራ ሲደርስ «ቁም» የሚል ሰሌዳ ወደ ብስክሌተኞቹ ያዞራሉ፤ መኪኖቹ ካለፉ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ይለቀቃል። ያን ያህል ርዝመት ያለውን መንገድ በየሳምንቱ ዘግቶ መክፈት፣ ከንቲባ በተቀያየረ ቁጥርም ለሚቀጥለው ማስረከብ ቀላል ሥራ አይደለም። ሲክሎቪያ በራሱ ማንንም ወደ ሥራ አያደርስም። ይሁንና በሳምንት አንድ ቀን ዋናው መንገድ የመኪና ብቻ አለመሆኑን እያየ ያደገ ነዋሪ፣ አንድ መስመር ለብስክሌት ይሰጥ ሲባል ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም ብዬ አምናለሁ።

ሰኞ ማለዳ ያው መንገድ ለመኪና ተመልሷል፤ ብስክሌተኛውም ወደተከለለለት መስመር ይገባል። ዛሬ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የደረሰው የብስክሌት መስመር መረብ በስፋት መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከንቲባ የነበሩት ኤንሪኬ ፔኛሎሳ መኪና የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ እንዳይቆም በየጠርዙ አጫጭር ምሰሶዎች በማስተከላቸው ከባለ መኪኖች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው ነበር። ከቀደምቶቹ የብስክሌት መስመሮች ብዙዎቹ የተሠሩት እዚያው እግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ ጉድለታቸውም እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ላይ ስነዳ መስመሩ የመብራት ምሰሶ ዞሮ፣ የአውቶቡስ ጠባቂዎች በተሰለፉበት መካከል አልፎ፣ በየጋራዡ መግቢያ ወርዶ ይወጣል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀለሙ ይቋረጥና ብስክሌተኛው ከእግረኛው ጋር በአንድ ዜብራ ላይ ይተራመሳል። መኪናው ያልተነካበት፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ግን ያላቸውን ጥቂት ቦታ እንዲካፈሉ የተደረገበት አሠራር ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ አዳዲስ መስመሮች በሌላ መንገድ የታሰቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት፣ ክላውዲያ ሎፔዝ ከንቲባ ሳሉ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጊዜያዊ የብስክሌት መስመር ከመኪና መንገድ ላይ ተቀንሶ በፕላስቲክ መከለያ ተለየ፤ ከእነዚህም ከፊሉ ቋሚ ሆኗል። በእንዲህ ዓይነቱ መስመር ላይ ስነዳ አስፋልቱ እኩል ነው፣ የትራፊክ መብራቱም ለመኪናው የሚሠራውን ያህል ለእኔም ይሠራል። ልዩነቱን ለመረዳት የምሕንድስና ትምህርት አያስፈልግም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ብቻ ይበቃል።

ቦጎታን በዓለም ያስታወቃት ግን ትራንስሚሌኒዮ የተባለው ፈጣን የአውቶቡስ ትራንስፖርት ነው። አሠራሩ በብራዚሏ ኩሪቲባ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ከተሞከረው የተወረሰ ሲሆን፣ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ሥራ ስታስጀምረው መጠኑን እጅግ አሰፋችው። ጣቢያዎቹ በሰፊው ጎዳና መካከል ላይ ናቸው። ተሳፋሪው መግቢያው ላይ ካርዱን አስነክቶ ሂሳቡን አስቀድሞ ስለሚከፍል፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ የለም፣ በአንድ በር የሚሰለፍም የለም። ወለሉ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ነው፤ አውቶቡሱ ሲቆም የጣቢያው የመስታወት በሮችና የአውቶቡሱ በሮች ፊት ለፊት ይከፈታሉ፣ ጋሪ የያዘች እናትም ሆነች ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ደረጃ ሳያጋጥማቸው ይገባሉ። በብዙዎቹ ጣቢያዎች ላይ ሁለተኛ መስመር በመኖሩ፣ በየጣቢያው የማይቆመው ፈጣን አውቶቡስ የቆመውን አልፎ ይሄዳል፤ ይህ የመቅደሚያ መስመር ባይኖር ኖሮ ከፊት የቆመ አንድ አውቶቡስ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆም ነበር። ትልልቆቹ አውቶቡሶች 27 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ፣ ሁለት ቦታ ላይ የሚተጣጠፉና 250 ያህል ሰው የሚይዙ ናቸው። በብዙዎቹ ጎዳናዎች ጫፍ «ፖርታል» የሚባል ትልቅ መናኸሪያ አለ፤ ከየሰፈሩ ሰው ሰብስበው የሚያመጡት አውቶቡሶች እዚያ ያራግፋሉ።

ከጉዞዬ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍሁት ከእነዚህ መናኸሪያዎች በአንዱ፣ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው ፖርታል አሜሪካስ፣ የብስክሌት ማቆሚያው ደጃፍ ላይ ነው። ኬኔዲና ቦሳ የሚባሉት የአካባቢው ክፍለ ከተሞች ሜዳማና ሕዝብ የበዛባቸው ናቸው፤ ከከተማዋ ብስክሌተኞች ብዙዎቹ የሚነሱትም ከእንዲህ ዓይነት ሰፈሮች ነው። ማለዳ ላይ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ይገባል፣ ጠባቂው ያያል፣ ብስክሌቱ ከብረቱ ላይ ይቆለፋል፣ ባለቤቱም ካርዱን አስነክቶ ወደ አውቶቡሱ ያልፋል። ለማቆሚያው የሚከፈል ተጨማሪ ሂሳብ የለም። አንዲት በጽዳት ሥራ የምትተዳደር ሴት፣ አብሮኝ በነበረው አስተርጓሚ አማካይነት ስጠይቃት፣ ከቤቷ እስከ መናኸሪያው ያለውን መንገድ በሰፈር አውቶቡስ ስትመላለስ የምታጠፋው ጊዜ ከዋናው ጉዞ ይበልጥ እንደነበር፣ ብስክሌት ከያዘች ወዲህ ግን ጠዋት ልጆቿን ቁርስ አብልታ ለመውጣት እንደበቃች ነገረችኝ። ጠባቂው ባይኖር ብስክሌቷን ትታ ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አላደርገውም» አለች ወዲያው። የብስክሌት ስርቆት በቦጎታ ከባድ ችግር ነው፤ ስለዚህ አስተማማኝ ማቆሚያ የሌለው ጣቢያ፣ ዙሪያውን የቱን ያህል የብስክሌት መስመር ቢዘረጋለት፣ ባለ ብስክሌቱን ወደ አውቶቡስ አያመጣውም። በእኔ ግምት ከተማዋ ከሠራቻቸው ነገሮች ሁሉ በወጪው አነስተኛ፣ በጥቅሙ ግን ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ይህ ጥበቃ ያለው ጣሪያ ነው፤ ሌሎች ከተሞች ሲኮርጁ መጀመሪያ የሚረሱትም እርሱን ነው።

ብስክሌት የማይደፍረው ዳገትም አለ። በደቡብ በኩል ሲዩዳድ ቦሊቫር በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ ቤቶቹ በገደሉ ላይ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ትራንስሚኬብል የተባለ፣ ካቢኖቹ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥለው የሚሄዱበት የኬብል ካር መስመር ይሠራል። ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጠው መስመር አራት ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ካቢን አሥር ሰው ይቀመጣል፣ ከላይኛው ጫፍ እስከ ፖርታል ቱናልም በሩብ ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። ከኬብል ካሩ የወረደ ሰው እዚያው መናኸሪያ ውስጥ ወደ አውቶቡሱ ይሻገራል።

የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ አውቶቡሶቹ ከአቅማቸው በላይ ይሞላሉ፤ ይህ የነዋሪው የዘመናት ቅሬታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012ም ጣቢያዎች እስከ መሰባበር የደረሰ ተቃውሞ አስነስቷል። አውቶቡስ ብቻውን ይህን ሕዝብ ሊችለው እንደማይችል ከተማዋ ከተቀበለች በኋላ፣ ወደ 24 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና በድልድይ ላይ የሚሄደው የመጀመሪያው የሜትሮ መስመር እየተገነባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2028 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ታቅዷል። በካራካስ ጎዳና በኩል ሳልፍ የሜትሮው ምሰሶዎች ከአውቶቡስ መስመሩ ጎን ቆመው አየሁ። ከ16ቱ ጣቢያዎች አሥሩ ከትራንስሚሌኒዮ ጋር እንዲገናኙ ታስቧል፣ የብስክሌት መስመርና ማቆሚያም በዕቅዱ ውስጥ አለ። ግንባታ ሲዘገይና ገንዘብ ሲያጥር ግን ቀድሞ የሚቀነሰው እንዲህ ያለው ነገር ነው። የሜትሮው ሥራ የሚመለከታቸው ሰዎች በየጣቢያው ስንት ብስክሌት በጥበቃ ሥር እንደሚያድርና ብስክሌተኛው ያንን ሰፊ ጎዳና በየትኛው መብራት እንደሚሻገር ከአሁኑ በቁርጥ ቢያስቀምጡት፣ በፖርታል አሜሪካስ ያየሁት አሠራር በሜትሮው ጣቢያዎችም ይደገም ነበር።