የመጀመሪያው ሲቪዬ የኔ አልነበረም

የመጀመሪያ ሲቪዬን የጻፈልኝ እዚሁ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ልጁ የሌላ ሰው ሲቪ ከፈተ፣ ስሙን አጥፍቶ የኔን አስገባ፣ ሲጂፒኤውን ቀየረ፣ አለቀ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔም ሳላነበው 20 ኮፒ አስነሳሁ።

ብዙ ቦታ ካስገባሁ በኋላ አንዱ ጋ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጠያቂዋ ትልቅ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አይተው "ፒችትሪ ላይ ጎበዝ ነሽ ማለት ነው?" አሉኝ። ፒችትሪ የሒሳብ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙን ክፍል ውስጥ ሰምቼዋለሁ እንጂ ከፍቼው አላውቅም። ሲቪው ላይ ግን ተጽፏል፤ የዚያኛው ሰው ነዋ። ላብ አጠመቀኝ። አልተቆጡኝም። "እሺ የኔ ልጅ፣ በእጅሽ የሠራሽው ነገርስ?" አሉኝ። ለዚህም መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው።

እናቴ አቶቴ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የዱቤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ማን ምን ወሰደ፣ ደመወዝ ሲወጣ ማን ከፈለ፣ ማን ግማሹን ብቻ ሰጠ፣ ዘይትና ስኳር ከጅምላ ስንት ገባ ስንት ቀረ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ካልገጠመ ደግሞ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን እስኪገጥም እናመሻለን። አካውንቲንግ የተማርኩ ልጅ ይሄን ትቼ የማላውቀውን ፒችትሪ ይዤ ሄድኩ።

የሥራ ማስታወቂያ "የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት" ሲል በደብዳቤ የተረጋገጠ ልምድ አይጠየቅም ማለት ነው እንጂ ምንም ያልሠራ ሰው ይምጣ ማለት አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ዲግሪ ይዞ ይሰለፋል። ስለዚህ የሠራችሁትን ጻፉ። ኢንተርንሺፕ ላይ ፋይል አደራጅታችሁ ከሆነ የስንት ወር ፋይል እንደሆነ ጭምር።

ዓመተ ምሕረቱንም አደራ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሲቪያችሁን የሚያነበው ሰው የውጭ አገር ዜጋ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ተመርቃችሁ በእንግሊዝኛው ሲቪ ላይ 2016 ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት ስምንት ዓመት ሥራ ፈታችሁ የኖራችሁ ይመስለዋል። በፈረንጆቹ እኮ 2024 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ 8።

የስማችሁ የእንግሊዝኛ ፊደል ዲግሪው ላይ እንዳለው ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩም በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ ሳይሆን ፒዲኤፉን ላኩ።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ሲቪ ጻፊልኝ ብሎ መጣ። ምን ሠርተሃል ስለው "ምንም፣ ባጃጅ ብቻ" አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ባጃጅ ይዞ፣ በየማታው ለባለቤቱ ገቢውን ሲያስረክብ አንድም ቀን አላጎደለም። የጠየቀው የንብረት ክፍል ሥራ ነው። ባለቤቱን ስልክ ደውለን በምስክርነት ስምዎን እናስገባ ስንላቸው "ምን ጥያቄ አለው!" አሉ። ስልክ ቁጥራቸውን ሲቪው ላይ ከታች ጻፍን።