ማካፈሉን የረሳ ቆጣሪ

ዛሬ ብላክጃክ በሚባለው የካሲኖ ጨዋታ (ከ21 ሳያልፉ አከፋፋዩን መብለጥ ነው) ስለ ካርታ ቆጠራ ስናወራ የሁሉም ጥያቄ “ያን ሁሉ ካርታ በቃል እንዴት ይያዛል?” ነበር። የሚያዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከ2 እስከ 6 ሲወጣ አንድ ይደመራል፣ ከ7 እስከ 9 ይታለፋል፣ 10፣ ጃክ፣ ንግሥት፣ ንጉሥና አስ ሲወጡ አንድ ይቀነሳል። ትንንሾቹ ሲያልቁ የሚቀረው ትልልቁ ነው፤ ያኔ ብላክጃክ (አስና ባለ 10 ካርታ አብረው ሲደርሱ) ይበዛል፣ 16 ይዞ ለመጨመር የሚገደደው አከፋፋይም ከ21 እያለፈ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል።

ጀማሪን የሚጥለው ቆጠራውን ለቀሩት ጥቅሎች ቁጥር ማካፈሉ ነው። ቆጠራው +6 ሆኖ ገና ያልወጣው ሦስት ሙሉ ጥቅል (እያንዳንዱ 52 ካርታ) ከሆነ ትክክለኛው ቁጥር +2 ነው። ስድስት ጥቅል ከቀረ ግን +1 ብቻ! በ+6 ተደስቶ ገንዘብ የሚከምር ሰው ብልጫ ሳይኖረው ነው የሚያስይዘው። ስለዚህ ስንት ጥቅል እንደቀረ ለማወቅ የተጣለውን ቁልል በዓይን መለካት ለብቻው ተለማመዱ። ከተካፈለ በኋላ እያንዳንዱ +1 ለተጫዋቹ ግማሽ ፐርሰንት ገደማ ብልጫ ይሰጣል፣ የካሲኖው ብልጫም በጥሩ ሕግ ያንኑ ያህል ስለሆነ ገንዘብ ከፍ የሚደረገው ከ+2 ጀምሮ ነው። ኢንሹራንስ (አከፋፋዩ አስ ሲያሳይ ብላክጃክ አለው ብሎ የሚያስይዙት ተጨማሪ ውርርድ) ከ+3 በታች አይነካም። ብላክጃክን 6 ለ5 (ለተያዘ 5 ብር 6 ብር) የሚከፍል ጠረጴዛ ጋ ጭራሽ አትቀመጡ፤ 3 ለ2 ፈልጉ።

በትክክል ቆጥሮም ለሳምንታት መሸነፍ ያለ ነው። ሽንፈትን ለማካካስ ብሎ መጠን መጨመር ቆጠራውን ከንቱ ያደርገዋል።

በጭንቅላት መቁጠር በአሜሪካዋ ግዛት ኔቫዳ ውስጥ ወንጀል አይደለም፣ ካሲኖው ግን ያስወጣል። በሌላዋ ግዛት ኒው ጀርሲ ውስጥ ከ1982ቱ (እ.ኤ.አ.) የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ስለቆጠረ ብቻ ማንንም አያባርሩም፤ ካርታውን ቶሎ ቶሎ ይበውዙበታል።