ኖራ የተቀባው ካምፕ

ኮምቦልቻ አካባቢ ያለ አንድ የድሮ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ለጎብኚ ክፍት ይሁን ተባለ። ያሰበው እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው፣ ሐሳቡም ጥሩ ነበር። ቅርስ ሲባል እዚህ እኛ ጋ ቶሎ የሚታወሰው ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ነው፤ ከደላንታና ከወረኢሉ በእግሩ ወርዶ ድንጋይ ሲፈልጥ የከረመ የቀን ሠራተኛ ያደረበትን ክፍል ማን ያስታውሳል?

ነገሩ የተበላሸው «ትንሽ ይታደስ» ሲባል ነው።

ተቋራጩ የጭቃ ግድግዳውን ኖራ ማስቀባት ጀመረ። ስደርስ ሁለት ክፍል ነጭ ሆኗል፣ ሦስተኛው ውስጥ መሰላል ቆሟል። ግድግዳው በሚስማር የተጫረ ነው፤ አራት ቁም መስመር፣ በላያቸው አንድ ተሻጋሪ፣ ደግሞ አራት፣ ደግሞ ተሻጋሪ፣ እስከ ጥግ ድረስ። አቁሙ አልኩ። ፎርማኑ ሳቀብኝ።

«ወንድሜ፣ ጭረት እኮ ነው! ግድግዳ ያበላሸ ሰውም ቅርስ ሊሆን ነው?»

መልሱን የሰጡት በወጣትነታቸው እዚያው ጠጠር ያመላለሱ አንድ አባት ናቸው። «ልጄ፣ ካቦው በደብተሩ ይጽፋል፣ እኛ ፊደል አልቆጠርን። ማታ ማታ የዋልንበትን እንጭራለን። ደሞዝ ቀን እሱ ሃያ ሲል እኛ ሃያ ሦስት እንላለን፤ ወላሂ፣ እጁን ይዘን አምጥተን ያሳየነው ቀንም አለ።» በጭረቶቹ መሃል ያለችው ክብስ ምንድን ናት አልናቸው። የታመሙበት ቀን ናት።

ፎርማኑ ከዚያ በኋላ አልሳቀም። የተቀባውን ግን መመለስ አልተቻለም፣ ኖራው ሲላጥ ጭቃውንም ይዞ ይወርዳል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይሠራ ይላል። ካምፑ ግን ቅርስ ተብሎ ስላልተመዘገበ ፈቃድ የሚባል ነገር ማንም ትዝ አላለውም። ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ቦታ ንቆ አልተወውም። ሞሪሸስ፣ ፖርት ሉዊስ ያለው አፕራቫሲ ጋት ከ1834 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. ከህንድ በኮንትራት የመጡ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ያለፉበት ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኗል። ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ሠራተኛው ከመርከብ ወርዶ የወጣበት ደረጃ፣ ማረፊያ፣ ሽንት ቤት ነው።

የቀሩትን ክፍሎች በሌላ መንገድ ያዝናቸው። መጀመሪያ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተደፈነ፣ ውሃ ከገባ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ክፍሎቹ ቁጥር ተሰጣቸው። በሩን ዘግተን ባትሪውን ግድግዳው ላይ ለጥፈን በጎን ስናበራ፣ በቀን ብርሃን ያላየናቸው ጭረቶች ሁሉ ብቅ አሉ፤ ማስመሪያ እያስጠጋን ፎቶ አነሳን። የአባትየውን ድምፅ ቀዳን። የተቦረቦረው በጭቃ ተመረገ። ሲሚንቶ ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ጭቃውን ያበሰብሰዋል። ተቋራጩ ይሄ ሁሉ በውሉ የለም ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ፣ እውነቱን ነው፣ ውሉ የሚያውቀው «ቀለም መቀባት» ብቻ ነበር።

ያልተስማማነው በሽንት ቤቱ ነው። አለቃዬ ይፍረስ ይላል፣ ለእንግዳ ምን ብለን እናሳየዋለን ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ «ያ ሁሉ ሰው በሁለት ቀዳዳ ይጠቀም ነበር» ብለን እናሳየው እላለሁ። ለጊዜው በሩ በሰንሰለት ታስሯል።